የስንዱ ጥርስ የት ገባ?

የስንዱ የፊት ጥርስ ይነቃነቃል። በምላሷ ስትገፋው ወዲያ! ስትስበው ወዲህ!

የጎረቤቷ ልጅ ናሆም የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ሲወረውር፣ ቆርቆሮው «ኳ!» ብሎ ነበር። ስንዱም «ኳ!» ማሰኘት አምሯታል።

«ቁራ ቁራ፣ አሮጌውን ውሰድ፣ አዲሱን አምጣ!» የሚለውን በቃሏ ይዛዋለች። የቀረው የጥርሱ መውለቅ ብቻ ነው።

እሁድ ለምሳ አጎቷ ጋሼ ቢተው መጡ። የጋሼ ቢተው ጉርሻ፣ ወይ ጉድ! ብርቱካን ያክላል።

«በይ ስንዱዬ፣ አፍሽን ክፈቺ! አ በይ!»

«ጋሼ፣ ጥርሴ...» ልትል ስትል ጉርሻው ገባ። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም።

ኝክ ኝክ ኝክ... ዋጥ!

«ጎሽ የኔ አንበሳ!» አሉ ጋሼ ቢተው።

ስንዱ በምላሷ ጥርሷን ፈለገችው። ወዲያም የለም፣ ወዲህም የለም!

«እማዬ! ጥርሴን ዋጥኩት!»

«ወይኔ ጉዴ! የኔ ጉርሻ ነው!» አሉ ጋሼ ቢተው ደንግጠው።

«ሆዴን ቢነክሰኝስ?» አለች ስንዱ።

እማዬ ሳቀች። «አንድ ጥርስ ብቻውን ምን አቅም አለውና! ነይ፣ የሄደበትን መንገድ ላሳይሽ።»

እማዬ የታጠበ ረጅም ካልሲ አመጣችና ሎሚ ከተተችበት።

«ሎሚው ጥርስሽ ነው። የካልሲው አፍ ያንቺ አፍ ነው። ጥርሶችሽ ምግቡን አደቀቁት፣ ምራቅሽ አራሰው፣ ምላስሽ ወደ ጉሮሮሽ ገፋው።»

«ኝክ ኝክ ኝክ... ዋጥ!» አለች ስንዱ።

«ልክ ነሽ! ከጉሮሮሽ በታች ረጅም የምግብ ቧንቧ አለ።» እማዬ ካልሲውን ከሎሚው በላይ ጨመቅ፣ ጨመቅ አደረገችው። ሎሚው ሸርተት! ሸርተት! እያለ ወረደ።

«ከቧንቧው መጨረሻ ጨጓራሽ አለ። ምግቡን እያሸ ሾርባ ያስመስለዋል።»

«ጥርሴንም?»

«ጥርስማ ጠንካራ ነው፤ እንዳለ ያልፋል። ከዚያ በአንጀትሽ አድርጎ...»

«ወዴት?»

«ወደ ሽንት ቤት!»

ስንዱ በሳቅ ተንከተከተች። ጋሼ ቢተውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ድንገት ስንዱ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየች።

«ታዲያ ጣሪያው ላይ ምን ልወረውር ነው? ካልወረወርኩ አዲስ ጥርስ አይመጣልኝም!» አለችና አለቀሰች።

እማዬ እንባዋን ጠረገችላት፤ እጇንም አስታጠበቻት። «አሁን አፍሽን ክፈቺ። አይዞሽ፣ ጉርሻ አይደለም። በጣትሽ ባዶውን ቦታ ዳሰስ አድርጊው።»

ስንዱ ዳሰሰችው። ከድዷ ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ብቅ ብሏል!

«አዲሱ ጥርስሽ ነው» አለች እማዬ። «ድድሽ ውስጥ ተደብቆ ሲያድግ ከርሟል። የወተት ጥርስሽን ያነቃነቀውም እሱ ነው።»

«መጥቷል? ሳልወረውር?» ስንዱ በደስታ ዘለለች።

ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ግን እኮ... ኳ! አላለም።»

«እሱንስ ለኔ ተዪው!» አሉ ጋሼ ቢተው። ሎሚውን ከካልሲው አውጥተው ሰጧትና ሁሉም ወደ ግቢ ወጡ።

«ቁራ ቁራ፣ አዲሱ መጥቷል፣ አትድከም!» ብላ ስንዱ ወረወረች።

«ኳ!» አለ ቆርቆሮው።

ሎሚው ተንከባለለ፣ ተንከባለለና... ጧ! የጋሼ ቢተው ራስ ላይ አረፈ።

ማታ እራት ላይ ስንዱ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች። «ጋሼ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ አለዎት?»

«የለኝም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው አፍዎን ይክፈቱ!»

ኝክ ኝክ ኝክ... ዋጥ!

ስንዱ ጥርሷን ቦርሻ አልጋዋ ላይ ወጣች። እማዬ ብርድ ልብስ አለበሰቻትና ግንባሯን ሳመቻት።

ስንዱ በምላሷ ባዶውን ቦታ ነካ አደረገችው። አዲሱ ጥርስ እዚያው አለ።

«ደህና እደር» አለችው፤ ፈገግ እንዳለችም እንቅልፍ ወሰዳት።