የሰልባ ወንዝ ለኪ

በዘርማን መንግሥት፣ ክረምቱ በገባ በአርባኛው ቀን፣ ታላቁ የሰልባ ወንዝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቀ አላልኩም፤ ቆመ። ዓሣው እንኳ ወዴትም መሄድ አቅቶት ባለበት ቀረ፤ ሕዝቡም ሁሉ ሊያይ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

የመንግሥቱ አዋቂ አባ ዘርጋው በትራቸውን ተደግፈው ከወንዙ ዳር ተናገሩ፦

«አባቶቻችን የአንዱን አገር ውሃ የሚያስለኩት በጎረቤቱ እጅ ነበር። የላይኛዋን የአውሳንን ውሃ የቀልማ ሰው፣ የታችኛዋን የቀልማን ውሃ የአውሳን ሰው ይለካ ነበር። እኛ ግን ተጠራጥረን ሰባት ዓመት ሙሉ የየራሳችንን ለካን። አውሳን ወንዙን በቦይ ጠለፈች፤ ቀልማ ደኗን መንጥራ ጨረሰች። የደመናው ጌታ ዞማ ተቆጥቷል። ከየአገሩ አንድ ሰው እሱ ወደሚኖርበት ተራራ ወጥቶ ካልማለደው፣ ልጆቻችን የሚጠጡት አይኖራቸውም።»

ከአውሳን ደርሶልኝ፣ ከቀልማ አልጣሽ ተመረጡ። አልጣሽ የባልንጀራዋን ስም ስትሰማ እርር ድብን አለች። አይ ቅናት! የእሱ አገር ላም እስከ ጉልበቷ ሣር ውስጥ ትቆማለች፤ የእሷ አገር ላም አቧራ ትልሳለች። እሱ ደግሞ ሲስቅ ያምርበታል፣ ሲዘፍን ያምርበታል፣ ምኑ ቅጡ። ይባስ ብለው አባ ዘርጋው የብር ጋሻውን ለእሱ፣ የመለኪያውን ቅል ለእሷ ሰጡ።

«ቅል ተሸካሚህ ሆንኩልህ» አለችው።

«ከፈለግሽ እንለዋወጥ» አላት።

ደግነቱ ይበልጥ አበገናት።

በስድስተኛው ቀን ጉርማ የሚባሉት ክንፋም ጅቦች ከገደሉ ተነስተው ወረዱባቸው። ደርሶልኝ በጋሻው ከለላት፤ ክንዱ ተቦጨቀ። አልጣሽ ነጠላዋን ቀዳ ቁስሉን እያሰረች፣ ለዚህም ይዘፍኑለታል ብላ አሰበች። በሐሳቧ አፈረች፤ ግን አሰበችው።

ዞማ በተራራው ጫፍ ተኝቶ ነበር፤ በተነፈሰ ቁጥር ደመና ይወጣዋል። ከእግሩ ሥር የመንግሥቱ ውሃ ሁሉ በአንድ ኩሬ ታግዷል።

«ለጎረቤታችሁ ለኩ» አለ።

ደርሶልኝ ለቀልማ ቀዳ፤ ቅሉ ሞልቶ ፈሰሰ።

«አበዛህ። ቸር ልባል ብለህ ያፈሰስከው ከሌላ ሰው ጉሮሮ የተነጠቀ ነው» አለው ዞማ።

ተራው የአልጣሽ ሆነ። ቅሉን ተቀበለችው። ግማሹን ብቻ ብትቀዳ ማን ያውቅባታል? ያ ሁሉ ሣር አንድ ዓመት እንኳ ቢደርቅላት! ከዚያ የደርሶልኝን የታሰረ ክንድ አየች። ጥርሷን ነክሳ ለአውሳን የሚበቃውን ያህል ቀዳች።

ዞማ አንገቱን ቀና አደረገ። «ጠብታ አላጎደልሽም፣ ጠብታ አልጨመርሽም። የአውሳንን ልክ በምን አወቅሽው?»

«ቀንቼባቸው» አለች አልጣሽ። «ስንት ላም፣ ስንት ጓሮ እንዳላቸው ተኝቼም አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እነሱን ስቆጥር ነው።»

«እንግዲያው የኩሬው ጠባቂ አንቺ ነሽ። እዚህ ከኖርሽ ወንዙ ይፈሳል፤ ከወረድሽ ይቆማል። የአገርሽን ውሃ በየክረምቱ የአውሳን ሰው ወጥቶ፣ አንቺ እያየሽው ይለካል።»

አልጣሽ ቁልቁል አቧራ የለበሰች አገሯን አየች። እናቷ እዚያ ናት።

«ሰማይ ይስማኝ፣ ምድር ይስማኝ፤ እስክሞት ከዚህ አልወርድም» ብላ ማለች።

ኩሬው ተናደ፤ ሰልባ እያገሳ ወረደ።

በዓመቱ ለመለካት የወጣው ደርሶልኝ ነበር፤ የሙሽራ ልብስ ለብሷል።

«አገርሽ ለምልማለች፤ እናትሽም ደህና ናቸው» አላት። ከዚያ አቀረቀረ። «ዘፈኑን ግን በእኔ ስም አወጡት። እሷ ናት ብላቸው አልሰማ አሉኝ።»

አልጣሽ አንጀቷ አረረ። የእሷን ለምለም አገር የሚያየው እሱ፣ የሚዘፈንለት እሱ፣ የሚዳረው እሱ። እንባዋ እየወረደ የአውሳንን ውሃ በልኩ ቀዳች፤ ጠብታ አላጎደለችም። ከዚያ ቅሉን ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ተራው ያንተ ነው» አለችው። «እንዳታበዛ፤ አይሃለሁ።»