ለሟች ስም የተተወ አራት ሰከንድ

ቀረብ በሉ። መብራት ሲሄድ ከመነጫነጭ ማውራት ይሻላል። አሁን ጨለማ ነው፤ የምነግራችሁ ታሪክ ግን የጨለማ አይደለም። መንፈስ ሌሊት ብቻ የሚወጣ ይመስላችኋል አይደል? ሞኞች! ሌሊትማ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ይጠብቀዋል። ክፉው ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ሲገባ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሳይገባ። ያኔ ከማስተምርበት ኮሌጅ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉን አቋርጦ ወደ ድምፅ መቅረጫ ክፍሉ በሚወስደው መንገድ ማን ይሄዳል? ማንም አይሄድም።

አንድ ሰው ግን ይሄዱ ነበር። ጋሽ ላቀው።

ጋሽ ላቀው ማን ናቸው? የእድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው፣ በየሰፈሩ እየዞሩ፣ ጡሩምባቸውን ነፍተው "እገሌ ዐርፏልና ለቀብር ውጡ!" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ጮኹ። ሠላሳ ዓመት ተጩኾ ጉሮሮ ይተርፋል? አይተርፍም። ድምፃቸው ተዘጋ። አንድ ጠዋት ለፍፈው ለፍፈው፣ ሰሚ ጠፍቶ፣ ቀብር የወጡት የሟች ቤተሰብና እሳቸው ብቻ ሆኑ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ምትኩ አስጠራቸው።

"ጋሽ ላቀው፣ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው። ማስታወቂያውን በኮምፒውተር ቀርጸው በድምፅ ማጉያ የሚያሰሙ ከሆነ ይቀጥሉ። አለዚያ ሥራውን ለእህቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። ሁለት ሳምንት አለዎት።"

ከዚህች ሥራ ሌላ ምንም አያውቁም። ምን ያድርጉ? በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ያውም እኔ ክፍል።

የድምፅ ቀረጻና ኤዲቲንግ የማስተምረው እኔ ነኝ መቼም። ማይክ ላይ አይጮኽም አልኳቸው፤ ጮኹ። ማዳመጫ ሳያደርጉ አይቁረጡ አልኳቸው፤ ቆረጡ። ማውሱን እንደ ጊንጥ ፈርተው በሁለት ጣት ነው የሚይዙት። ግን አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ወጣት ሰነፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ እኚህን ሽማግሌ ወደድኳቸው።

ማስታወቂያቸው ሦስት ትራክ ነበረው። አንዱ ላይ ጡሩምባ፣ አንዱ ላይ ድምፃቸው፣ አንዱ ላይ ለቅሶ። ብልሃታቸውን ስሙ እንግዲህ። "ሰው በሞተ ቁጥር እንደ አዲስ ከምቀርጽ፣ አንዴ ቀርጬ ለስሙ ባዶ ቦታ ልተውለት" አሉ። "የእድራችን አባል..." ከዚያ አራት ሰከንድ ዝምታ። ከዚያ "...ዐርፈዋልና ለቀብር ውጡ!"

እኔም ጎሽ አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው! የሟች ስም የሚጠብቅ ዝምታ ተትቶ ይታደራል?

በመጀመሪያው ቀትር ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያዳምጡ፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ሰሙ። ምን? ትንፋሽ። "የራሴ ነው" አሉና ቆርጠው ጣሉት።

በሁለተኛው ቀትር ትንፋሹ ተመልሶ ጠበቃቸው። ከኋላው ደግሞ ሳል አለ። ስክሪኑ ላይ ያ ለጥ ያለው መስመር እዚያች ቦታ ላይ አብጧል። ቆረጡት። ሴቭ አደረጉት። ወጡ።

በሦስተኛው ቀትር በሩ ዝግ ነው፤ ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና "አንዳርጌ" አለ።

"ማነህ አንተ?"

"አንዳርጌ ነኝ አልኩህ። ቆላ ወርጄ ወባ ገደለኝ። ከሞትኩ አርባ ዓመቴ ነው። ጡሩምባ የነፋልኝ የለም። ባዶ ቦታ አገኘሁ፣ ገባሁ።"

ጋሽ ላቀው አማተቡ። ሮጡ? ወዴት ይሮጣሉ! የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ሊያልቅ ነው።

"ውጣልኝ! እንጀራዬ ነው" አሉት።

"ካወጅክልኝ እወጣለሁ። ደግሞ ግራዝማች ብለህ ጥራኝ።"

"ግራዝማች ነበርክ?"

"አልነበርኩም። አርባ ዓመት ሞቼ ማን ይጠይቀኛል?"

"ሠላሳ ዓመት ስነፋ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም!"

"እንግዲያው ለቅሶውን ከፍ አድርገው። እንዲህ አንሶ ማን ሆዱ ይባባል? ጡሩምባህ ደግሞ ጆሮ ይበሳል፤ ቀንሰው።"

ታምኑኛላችሁ? እኔ "ጡሩምባውን ይቀንሱ" እያልኩ ስለምናቸው የከረምኩትን፣ እሱ በአንድ ቃል አስቀነሳቸው። ሚክሱ፣ የሦስቱ ድምፅ ቅልቅል፣ አማረ። እውነቱን ለመናገር ከክፍሉ አንደኛ ነበር።

እሑድ የእድሩ ሰው የማስታወቂያውን ሙከራ ሊሰማ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። እኔም ተማሪዬን ላይ ሄድኩ። ጋሽ ላቀው ማዳመጫቸውን አጥልቀው ኮምፒውተሩን ነኩት። ጡሩምባው ተነፋ። "የእድራችን አባል..." አለ። ዝም ማለት ባለበት ቦታ ላይ፣

"ግራዝማች አንዳርጌ ወልደሰንበት!"

"ማነው እሱ?" አለ አቶ ምትኩ። "መዝገብ ላይ የለም!"

ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሱ። እማማ ዘርፌ ናቸው። "ወንድሜ!" አሉ። "ወንድሜ ነው! ቆላ ወርዶ የቀረው!" ይመጣል እያሉ አርባ ዓመት በር ሳይቀረቅሩ ያደሩ ሴት ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን መቱ። ያልቅሱ እንጂ! ያን ሁሉ ዓመት የታመቀ እንባ ነው። እኔም አለቀስኩ። ሰው እያለቀሰ ቆሞ የሚያይ እድርተኛ አለ? የለም። ድንኳን ተተከለ። ንፍሮ ተጣደ። ሬሳ የለም፣ ለቅሶው ግን ደመቀ።

አቶ ምትኩ ብቻ "በየትኛው ደንብ?" እያለ በድንኳኑ ዙሪያ ይመላለሳል። በመጨረሻ ንድድ ብሎት የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለው።

ማጉያው ዝም አለ? አላለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ። "አምሮልኛል። ውለታ በላ አይደለሁም። ጡሩምባ ነፊው ድንገት እንዳይሆንበት፣ ከእናንተ መካከል ቀጥሎ የሚሞተውን ሰው ስም አስቀድሜ ልንገራችሁ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሜዳው በሙሉ ጮኸ! ስሙ እንዳይሰማ። ወንዶቹ ፎከሩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ቄሱ እግዚኦ አሉ፣ አቶ ምትኩ የእድሩን ደንብ ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ እየጮኸ አነበበ። እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ሀ ሁ ቆጠርኩ። እስኪመሽ ጮኽን። በማግስቱ ኮምፒውተሩም ማጉያውም ተቆልፎባቸው ቀረ፤ የጋሽ ላቀው ሥራም ተመለሰላቸው። ድምፁ ያልተዘጋ ሰው ስላልነበረ ውሳኔው በእጅ ምልክት ነው የተሰጠው። ከዚያ ወዲያ፣ ያ የተዘጋ ድምፃቸው ሲመጣ ሰዉ ጆሮውን አቅንቶ መስማት ለመደ።

ስሙን ማንም አልሰማም። ማንም?

ያን እሑድ ጋሽ ላቀው ማዳመጫ አድርገው ነበር። ከጆሮዎ አያውልቁ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ቀስ ብለው አወለቁና አዩኝ።

"ማንን አለ?" አልኳቸው።

"እንጃ ልጄ፣ ጫጫታው በዛ።"

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ በደጄ ያልፋሉ። "መምህርት፣ አለሽ?" "አለሁ ጋሽ ላቀው።" "ተመስገን" ይሉና ይመለሳሉ። የሳቸው ሰፈር የት፣ የኔ ቤት የት! ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላጓደሉም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጡሩምባ የነፉላቸው ሟቾች ሁሉ ያን እሑድ ሜዳው ላይ ያልነበሩ ናቸው። እርጅና ነው ብዬ እስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋትም መጡ። ደጄ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ገና ሳይጠይቁኝ "አለሁ ጋሽ ላቀው" አልኳቸው። አላዩኝም። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ አልፈውኝ ወደ ቤቴ ገቡ።

እናንተ ግን ትሰሙኛላችሁ። ትሰሙኛላችሁ አይደል?

ኧረ አንዳችሁ እንኳ መልሱልኝ!