ሳይሞቅ የቆየው ውሃ

«ውሃውን ቶሎ አሙቂ እንጂ! ሰውየው እኮ ደረሱ!» አለች የኔነሽ፣ የአልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።

ልጇ ፀዳለ ማንቆርቆሪያውን ከሰሉ ላይ ጣደች። እናቷ በኮልፌ የታወቀች ፈታይ ነበረች። አሁን ግን ጣቶቿ ደርቀው ስለሚያድሩ በሙቅ ውሃ ካልነከረቻቸው አይታጠፉላትም፤ እንዝርት ከያዘችም ከርማለች።

«ኧረ እማዬ፣ ዶክተር ጌታቸው አታሙቂ ብለውሽ የለም?»

ብለዋል። ትናንት ሰፈሩን ሲዞሩ፣ «ሁሉንም ቁርጥማት እንለዋለን እንጂ በሽታው ብዙ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም ይለያያል። የምናጠናው ጠዋት ጣት የሚያደርቀው ዓይነት በምን እንደሚለይ ነው። ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ጣት ይፍታታና ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ እኔው ማልጄ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እጃችሁን በሙቅ ውሃ እንዳትነክሩ» ብለው አደራ ሰጥተው ነበር።

«ታዲያ እንግዳ በደረቀ እጅ ልጨብጥ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ዶክተሩ ቮልስ መኪናቸውን ጭቃው እንዳይውጥባቸው አስፋልቱ ዳር ትተው በእግራቸው መጡ። የኔነሽ እጇን በሙቁ ውሃ ነክራ ጨርሳ ነበርና ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«ጣትዎ እንዴት አደረ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!»

እንድታጥፍ ሲጠይቋት አጠፈች፤ እንድትዘረጋ ሲጠይቋት ዘረጋች። «እንግዲያው የእርስዎ ከምናጠናው ዓይነት አይመስልም» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

ፀዳለ ጨነቃት። እናትን በእንግዳ ፊት ማሳጣት አይሆንላትም፤ ዝም ካለች ደግሞ የእናቷ መዳኛ ከቤት ሊወጣ ነው። ልሸኝዎት ብላ እስከ አጥሩ ተከተለቻቸው።

«ዶክተር፣ ነገ አንዴ ይመለሱልን። እጇ የተፍታታው ውሃ አሙቄላት ነው።»

ዶክተሩ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «ለካስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ‹እግዜር ይመስገን› ሲለኝ የሰነበተው ምድጃው እየጨሰ ነው!»

በማግስቱ የኔነሽ፣ «ውሃውስ?» ብላ ተጣራች።

«ከሰሉን አላቀጣጠልኩትም፣ እማዬ።»

«አንቺ ደፋር!» አለች እናቷ። ልትቆጣ ጀምራ መልሳ የደረቁ ጣቶቿን ተመለከተች።

በሩ ተንኳኳ። የኔነሽ እንደ ልማዷ «እግዜር ይመስገን» ካለች በኋላ ልጇን ገልመጥ አድርጋ እጇን ዘረጋች። «ይኸው እንግዲህ፣ አልታጠፍ ብሎኛል።»

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲዳብሱ እናቷ ከንፈሯን ነከሰች። የፀዳለ እጅ ወደ ክብሪቱ ሄደ። ግን መለሰችው። ከሰሉን የለኮሰችው ዶክተሩ አይተው ሲጨርሱ ነው።