ስድስተኛዋ ቁልፍ

አመናችሁም አላመናችሁም፣ ይሄ ነገር ጎንደር ውስጥ በእውነት ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። መቃብር ቦታም አልነበረም። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ነው...

የነገረችኝ ወለላ ናት። ወለላ የጃናሞራዋ የመካነ ብርሃን ልጅ፣ ዓይነ ስውር ናት። በልጅነቷ ለትምህርት ጎንደር መጣች። አሁን እዚያው በተማረችበት ትምህርት ቤት ብሬል ታስተምራለች።

እሷን ያስተማረቻት መምህርት ባንቺአየሁ ነበረች። እሷም ዓይነ ስውር።

ባንቺአየሁ የብሬል መጻፊያ ማሽኗን እንደ ልጇ ነበር የምታየው። ከባድ ብረት ነው። ለብሬል ፊደል ስድስት ጎርባጣ ነጥቦች ስድስት ቁልፎች አሉት። መስመር ሲያልቅ ደወል ይመታል። የሷ ማሽን ደወል ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጎረንን ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ማሽኑን ሊወስድ መጣ። አለምነህ ይባላል። አንቱ ልለው አልችልም፣ ይቅር በሉኝ።

ሊሸጠው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ባንቺአየሁ አለቅም አለች። የብሬል ክፍሉ በር ላይ ተጓተቱ።

የብረቱን በር እጇ ላይ ዘጋው...

የቀኝ እጇ የቀለበት ጣት። ስድስተኛዋን ቁልፍ የምትመታበት።

ሐኪም ቤት ጣቷን ቆረጡት። ቁስሉ መረቀዘ። ወር ሳይሞላት አረፈች።

ወለላ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር ሆና ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተናገረች።

"አይታችኋል?" አሏቸው።

"ሰምተናል።"

"እኛ የጠየቅናችሁ ማየታችሁን ነው።"

በዚሁ ተዘጋ። ባንቺአየሁ ዓይነ ስውር ናት፣ ራሷ እጇን በር ውስጥ ከታ ነው ተባለ። አለምነህም ማሽኑን ሸጦ በላ።

ባንቺአየሁ ከመሞቷ በፊት ወለላን ወደ አልጋዋ ስባ አንድ ነገር ሹክ ብላታለች።

"ጣቴን ሳላገኝ አልተኛም..."

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ወለላ ጸሎቱን ተወችና ቂሙን ያዘች።

ዓመታት አለፉ። ማሽኑ ማክሰኝት ገበያ ተገኘ። አንድ የእህል ነጋዴ ሸራው በንፋስ እንዳይነሳ እንደ ድንጋይ ከላዩ ጭኖት ኖሯል። ወለላ ደወሉን አንዴ ስትሰማ እዚያው ገበያ መሀል አለቀሰች።

ግን ማሽኑ ደህና አልነበረም።

ስድስተኛዋ ቁልፍ ነጥብ አታወጣም።

ማሽን ጠጋኙ የሻው ፈታትቶ አየው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው።

"ጤነኛ ነው" አላት። "በፒንሳ ስገፋት ታወጣለች። በሰው ጣት ሲነኳት ነው እንቢ የምትል።"

"ምነው?"

"እኔንጃ እህቴ... ለሌላ ሥራ ጥሪኝ። ለዚህ ማሽን ግን አትጥሪኝ።"

ሌላም ነገር አለ። ብረቱ ሁሉ በርዶ ሲያድር፣ ጠዋት ያቺ ቁልፍ ብቻ ትሞቃለች። ሰው ገና አሁን ጣቱን ያነሳባት ያህል...

ወለላ አልፈራችም። ገባት።

ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለችና፣ "ቆዪ" አለች በሹክሹክታ። "አመጣልሻለሁ።"

በዚያው ሰሞን አለምነህ ተመልሶ መጣ። አሁን ሀብታም ሆኗል። ለብሬል ክፍሉ ወንበርና ምንጣፍ ሰጠ፣ ክፍሉም በስሙ ሊሰየም ሆነ። ባንቺአየሁ ጣቷን ያጣችበት ክፍል! ስሙ ተጽፎ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ምርቃቱን ይጠብቃል።

ወለላ ይሄ ስም እዚያ በር ላይ ከሚኖር ሞቷን ትመርጣለች።

በምርቃቱ ቀን እንግዶቹን ስታስተናግድ ጨበጠችው። ወፍራም፣ ለስላሳ እጅ ነው። የቀለበት ጣቱ ላይ ትልቅ ወርቅ አለ።

"የየት ልጅ ነሽ?" አላት።

"የጃናሞራ ነኝ፣ አያ።"

"ሸጋ፣ ሸጋ..."

አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ርዕሰ መምህሯ እጅጋየሁ ስለ ብሬል ማሽን ታሪክ ጥቂት እንድትናገር ጋበዘቻት። ወለላም ተነሣች።

"ብሬል ሲጀመር ዓይናማ መምህራን ጠልተውት ነበር" አለች። "እኛ የማናነበውን እናንተ ምን ታደርጉታላችሁ ብለው ከልክለው ያውቃሉ። መጻሕፍቱን ያቃጠሉም ነበሩ። ድሮ አንዷን ነጥብ ለብቻዋ በወስፌ ነበር የምንወጋት፣ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ፣ በግልባጭ። ወረቀቱ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ኋላ ግን ስድስቱንም ባንዴ የሚመታ ማሽን መጣ። በስድስት ጣት ይሠራል። አንዱ ጣት ከጎደለ... ፊደሉ ይጎድላል፣ ያነበበ ሁሉ ያውቃል።"



"አያ አለምነህ፣ ኑ ይሞክሩት።"

ሰው አጨበጨበ። እንቢ ማለት አልቻለም። መጥቶ የባንቺአየሁ ማሽን ፊት ተቀመጠ።

"የቀለበት ጣትዎን መጨረሻዋ ቁልፍ ላይ።"

"እዚህ?"

"እዚያ። አሁን ይጫኑ።"

ያን ጊዜ በረዶው መጣ።

የጣሪያው ቆርቆሮ ጮኸ። ለወለላ ጨለማ ማለት ይሄ ነው። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ ምንም አይሰማትም፣ ማን የት እንዳለ አታውቅም። ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች...

በረዶው ድንገት ቆመ።

በጸጥታው ውስጥ ደወሉ መታ። ያ የጎረነነው ደወል።

"ልቀቂኝ..." አለ አለምነህ ቀስ ብሎ።

"እኔን ነው አያ?" አለች ወለላ።

"እጄን ልቀቂኝ!"

እጅጋየሁ ሮጠች። "ምነው ጋሼ? ማንም አልያዘዎትም!"

እጁን መንጭቆ አወጣ። አየው። ሳቀ።

"ደህና ነኝ... ምንም አልሆንኩም።"

ወለላ ቀረበችና እጇን ዘረጋች። "እንኳን ደስ አለዎት።"

ጨበጠችው።

አውራ ጣት። ጠቋሚ። የመሀል። ከዚያ... ትንሿ ጣት።

በመሀላቸው ባዶ ነው። ደረቅ፣ የዳነ ጠባሳ። ቀለበቱም የለም።

 ዓይነ ስውር ተማሪዋን ጠራች። "ዓይናዲስ፣ ነይ አያን ጨብጪያቸው።"

ልጅቷ ዳሰሰችው።

"ቲቸር... አንድ ጣት የላቸውም።"

ሌላው ልጅ ተከተለ። "አራት ነው።" ሦስተኛዋም። "አራት።"

"ምን ሆናችኋል?" አለች እጅጋየሁ። "አምስት ነው እኮ! ቀለበቱም አለ፣ ይኸው አየዋለሁ!"

"ይታያችኋል አይደል?" አለ አለምነህ ለእንግዶቹ። "አለ አይደል?"

አለ አሉት። ሁሉም አለ አሉት።

በግራ እጁ ያን ጣት ሊይዘው ሞከረ። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ።

"እኔም አየዋለሁ... ግን የለም።"

ማሽኑ ላይ ተደፋ። "በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ! አውቄ ነው የዘጋሁት! መልሺልኝ!"

ወለላ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

"አይታችኋል?" አለቻቸው።

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

"ሰምታችኋላ። ይበቃል።"

የአለምነህ ስም ከነጨርቁ በዚያው ቀን ከበሩ ወረደ። እሱም ከጎንደር ወጣ። ያዩት ሰዎች አምስት ጣት ከነቀለበቱ አለው ይላሉ። እሱ ግን እጁን ከኪሱ አያወጣም አሉ።

ስድስተኛዋ ቁልፍ ዛሬ ለሁሉም ልጅ ነጥብ ታወጣለች።

አንድ ነገር ብቻ አለ... ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት እጅጋየሁ ማሽኑ ላይ ምንም አይታያትም። ወለላና ልጆቹ ግን ከስድስተኛዋ ቁልፍ ላይ ያነሱታል። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይዳስሱታል።

ትልቅ የወንድ ቀለበት ነው።

ሁልጊዜ ትኩስ ነው።