ያላደረስኩት ደም

ባርናቢን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲገደል አየው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አለቀስኩ፤ ኋላ ለመድኩት።

አባቴ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ቴአትር ቤቱ አጠገብ ሥጋ ሻጭ ነበር። የበግ ደም በበጉ የሽንት ፊኛ ሞልቼ በተዋናዩ በባርናቢ ሸሚዝ ሥር፣ በግራ ጎኑ የማስረው እኔ ነኝ። ተበቃዩን የሚጫወተው ጊልበርት በደነዘዘ ጩቤ ፊኛውን ሲወጋው ደሙ ይፈሳል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

«ሲስሊ፣ ቀስ በይ እንጂ፤ ኮረኮርሽኝ!» ይለኛል ባርናቢ።

«ዝም ብለህ ቁም! ደግሞ ለሚሞት ሰው!»

ከምንነጋገረው ይልቅ ዝም ብለን የምንተያየው ይበዛ ነበር። ልንጋባ ነው፤ ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር የሚጋቡ ሰዎች ስም በቤተ ክርስቲያን ሦስት እሑድ ይነበባል፤ የኛ ሁለት እሑድ ተነብቦ አንድ ቀርቶናል።

የሚያስፈራኝ ጊልበርት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ባርናቢ በመጠጥ ቤት ጠብ የጊልበርትን ወንድም ገድሏል። ማንበብ የሚችል ሰው ለመጀመሪያው ጥፋቱ ከስቅላት ይማራልና፣ ሕጉ ለምልክት አውራ ጣቱን በጋለ ብረት ተኩሶ ለቀቀው፤ ጊልበርትም «ይቅር ብያለሁ» አለ። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሌሎቹ ተዋናዮች መድረክ ላይ ስለ በቀል ሲናገሩ ይጮኻሉ፤ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ያን ሐሙስ በጉ ዘግይቶ ታረደ። ፊኛውን አቅፌ እየሮጥኩ ስደርስ ጭብጨባው ውጭ ድረስ ይሰማል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ባርናቢ ወድቋል፤ ሸሚዙ በደም ርሷል።

ደሙ ግን ገና እቅፌ ውስጥ ነበር።

እየጮኽኩ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ሴት መድረክ ላይ አትወጣምና ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጊልበርት እጅ ላይ ያለው ጩቤ የተሳለ ነበር።

«አደጋ ነው በይ» አለኝ ባርናቢ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«አልልም! ይሰቅሉታል እንጂ!»

«ወንድሞችሽ ይነሳሉ፤ ከዚያ የሱ ዘመዶች። ማለቂያ የለውም፣ ሲስሊ። ለኔ ስትይ።»

እጄን እንደያዘ ሞተ። ጊልበርት ለጭብጨባው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ለዳኛው «አደጋ ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሳችን ታመው በምትካቸው የመጡት ሽማግሌ ቄስ የባርናቢን ሞት አልሰሙም ነበርና ከመዝገቡ አነበቡ።

«ባርናቢና ሲስሊ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። እንዳይጋቡ የሚያግድ ነገር የሚያውቅ ይናገር።»

ጊልበርት ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ቀና አላለም። እኔም የማውቀውን አልተናገርኩም።

ቄሱ ጥቂት ጠበቁ። «እንግዲያስ ይጋቡ» ብለው ገጹን ገለጡ።