ምድር ቤት ፎቅ አይደለም

አስጎብኚው በአዲሱ ሕንፃ ግቢ፣ ገና ውኃ ከጠጣው የአበባ መደብ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። እሁድ እሁድ ጠዋት ሰው ሰብስቦ የከተማውን አዳዲስ ሕንፃዎችና አደባባዮች እያዞረ የሚያሳይ፣ ምላሱ ምላጭ የሆነ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ጎብኚዎቹ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሬሳው ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ መርፌ ይሏታል፤ ሲያንሳት ነው። እሷ እስክትመጣ አለቃዋ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶ ጨርሷል። የሟች ታናሽ እህት በካቴና ታስራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት በግቢው በር ላይ ከወንድሟ ጋር ተጨቃጭቃ «ሞትህን ያሳየኝ!» ስትለው መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ወደ እስር ቤት ትወሰዳለች። የሚጠባ ልጇ ጎረቤት እጅ ላይ ነው።

«እናታችን የኖረችበትን ቤት አፍርሰው ነው ይህን ያቆሙት» አለች ቀና ሳትል። «እሱ ደግሞ ሰው ያስጎበኝበታል። ተናድጄ አፌ ያመጣውን ተናገርኩ። ከበሩ ግን አላለፍኩም።»

መርፌ ደረጃውን ወጣች። ሕንፃው ዙሪያውን የማይከፈት መስታወት ነው፤ ከምድር ቤቱ በላይ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር በመጨረሻው ፎቅ ያለው የበረንዳው ብቻ ነው። የበረንዳው ብረት ላይ የሟች መነጽር ማንጠልጠያ ተበጥሶ ቀርቷል። ከበሩ ጎን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ «5» ተጽፏል፤ ስትነካው ቀለሙ ጣቷን ያዘው። ለማንም ሳትተነፍስ ወረደች።

ባለሕንፃው ላብ በላብ ሆኖ መሐላ ደረደረ። የአስጎብኚው ጎብኚዎች ተከራይ ስለሚያመጡለት የሕንፃውን ቁልፍ ራሱ እንደሰጠው፣ የእሱ ጠላትስ ሕንፃውን የነደፈው አርክቴክት እንደሆነ፣ ሁለቱ ከተጣሉ ወዲህ ድምፁን እንኳ ሰምቶት እንደማያውቅ ተናገረ። አርክቴክቱ ወደ ሕንፃው የሚያስገባውን የመኪና ማቆሚያ በር ቁልፍም አልመለሰለትም።

የአርክቴክቱ ቢሮ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቁጭ በይ እንኳ አላላትም። መርፌ ስለ ሕንፃው «አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሱቆች…» ብላ ስትጀምር ከአፏ ነጠቃት።

«ምድር ቤት ፎቅ አይደለም። ፎቅ የሚቆጠረው ከሱ በላይ ነው። ይህን የማታውቅ ሰው ነው የላኩብኝ?»

ከዚያ ሕንፃ እግሩ ከወጣ ቆይቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከቢሮው አልተነሳም፤ ማንም መጥቶ ምንም አልነገረው፤ ሁሉን ያየው በመስኮት ነው። እንዲህ እያለ በሩን ከፈተላት። «ደግሞስ ከአምስተኛ ፎቅ ለወደቀ ሰው ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? እህቱ ስትረግመው ተሰምታለች። በቃ።»

መርፌ አመስግና፣ ለአንድ አፍታ ብቻ አብሯት ወደ ሕንፃው እንዲሻገር ለመነችው። እያጉረመረመ ተከተላት።

ሁሉም ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ባለሕንፃውና አርክቴክቱ ጀርባ ተሰጣጥተዋል።

«ሰውየው የወደቀው ከበረንዳው ነው» አለች መርፌ። «ይህንን ማንም ይገምታል። በፕላንዎ ላይ በረንዳው ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ» አለ አርክቴክቱ።

«ከሱ በላይ ጣሪያ ነው። በእርስዎ አቆጣጠር ይህ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የለውም። ታዲያ ሟቹን ከየት ጣሉት?» ወደ ባለሕንፃው ዞረች። «በየፎቁ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች መቼ አስጻፏቸው?»

«ትናንት ማታ። ለተከራይ ከፍ ያለ እንዲመስል ምድር ቤቱን አንድ ብዬ አስቆጠርኩ» አለ ባለሕንፃው አፍሮ።

«በረንዳውን አምስት የሚለው ከበሩ ጎን ያለው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ዛሬ እዚያ ያልቆመ ሰው አያየውም። ምድር ቤት ፎቅ አይደለም ብለው የተቆጡኝ ሰው፣ ግድግዳው ያሳየዎትን ሳያስቡ ደገሙት። የማቆሚያው ቁልፍም ያለው እርስዎ ጋ ነው።»

አርክቴክቱ ለመሳቅ ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው።

«ሕንፃዬን ማበጠሪያ አስባለኝ!» አለ በመጨረሻ። «ፊቱ ላይ የደረደርኳቸውን ብረቶች አይቶ ከተማው ሁሉ ማበጠሪያው ይለዋል። ሥራ የሚሰጠኝ ጠፋ። በየሳምንቱ በመስኮቴ አየዋለሁ፤ እጁን ወደ ብረቶቹ ይዘረጋል፣ ሰዉ ይስቃል። ተው ልለው ወጣሁ። ማበጠሪያ የሚለውን ስም ሳነሳበት እሱም ሳቀ። ገፋሁት።»

አለቃው ሳይወድ የእህትን ካቴና ፈታ። እሷ ግን አልተነሳችም።

«ማበጠሪያ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሲሠራ ጀምሮ፣ በንዴት። ከአፌ ወጥቶ ሰፈሩ ለቀመው። እሱማ ሕንፃህን ይወድልህ ነበር። ሰዉን የሚያመጣው፣ ብረቶቹ ማበጠሪያ አይደሉም፣ ጥላ ናቸው፣ ቤቱን ከፀሐይ ያድኑታል ብሎ ሊያስረዳ ነው። የተጣላነውም እናታችን ቤት ላይ ቆሞ ስላመሰገነህ ነው።»

አርክቴክቱ ካቴናው ሲመጣ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። እህትን ልጅሽ እያለቀሰ ነው፣ መኪና ቆሞልሻል አሏት። በበሩ ወደ ግቢው አየች።

«መጀመሪያ ወንድሜን ከመሬት አንሱልኝ» አለች።