አብሲት የጣለ ሌባ

እሁድ ጠዋት ቡሬ ውስጥ የእትዬ ወለተ ሐና በር ወለል ብሎ ተገኘ። ጓጉንቸሩ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ቴሌቪዥኑ የለም። የእናታቸው የወርቅ ሐብልም የለም።

የቤቱ ባለቤትም የሉም። እሳቸው ዱባይ ናቸው።

ይሄን ያልሰማ ቡሬ ውስጥ ካለ ትናንት የተወለደ ነው። ወንድማቸው ስመኘው አዲስ አበባ የከበረ የእህል ነጋዴ ነው። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ለቅዳሜና እሁድ ዱባይ ሊሄድ፣ እህቱንም ሊወስድ። ገበያ ወጥተው፣ በልተው ጠጥተው ሊመለሱ። ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዷ ሽቶ አዘዘች፣ አንዷ ጫማ። እግሯን በክር ለክታ የሰጠችም አለች።

ሳጅን ይታገሱ ቤቱን ዞሮ አየ። ከሩቅ አገር ተዛውሮ የመጣ ላጤ ነው። ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው። ሲመሽ የሚያወራው ከሬዲዮኑ ጋር ነው፤ እሱም ባትሪ ሲያልቅ ይኮራበታል።

ጓዳ ሲገባ ቆመ።

ባልዲ ውስጥ ያለው ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ክዳኑን ገፍቶ፣ ወለሉ ላይ ፈሷል።

ይታገሱ እንጀራውን የሚጋግረው ራሱ ነው። ጣቢያው ሙሉ ይስቅበታል፣ ግን ሆዱ አይስቅበትም። ሊጥ ከላዩ ተቀንሶ፣ እሳት ላይ ተገንፍቶ ካልተመለሰበት፣ አብሲት ካልተጣለ ማለት ነው፣ ይኮመጥጣል እንጂ እንዲህ አይነሳም። ይሄ ትናንት ማታ ተጥሎበታል።

"ትናንት እዚህ ማን ገብቶ ነበር?"

"ኧረ ማንም" አለች ጎረቤቷ በለጠች። "ቁልፉ ላቀው ዘንድ ነው። አደራ ሰጥተውት ነው የሄዱት።"

ላቀው የጎን ጎረቤት ነው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና አንጠለጠለው።

"እኔ ብሆን በቁልፌ አልከፍትም ሳጅን? ድንጋይ ምን አሸከመኝ?"

"አብሲት የጣልከው አንተ ነህ?"

"እኔ? በዚህ ጢሜ?" ሰፈሩ ሳቀ። "እንግዲህ ሌባው ሊጋግር ነዋ የመጣው።"

እውነት ለመናገር ያስቃል። ይታገሱ ብቻ አልሳቀም።

ሰፈሩ ሌባውን ቀድሞ አግኝቶት ነበር። ዘመኑን፣ ባጃጅ ነጂውን። ዓርብ ዕለት እትዬን መናኸሪያ ያደረሰ እሱ ነው። ሻንጣቸውን ሲያወርድ "ቴሌቪዥንዎ ብቻውን እንዳይከፋው እየመጣሁ አጫውተዋለሁ" ሲል መናኸሪያው ሙሉ ሰምቷል። ቅዳሜ ማታም ባጃጁ እዚያው ሰፈር ታይታለች። ቀልዱ ገመድ ሆነበት።

"ቅዳሜ ማታ የት ነበርክ?" አለው ይታገሱ ጣቢያ ወስዶ።

"ሰው ሳደርስ።"

"ማንን?"

"እኔ እንጃ። ባጃጅ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ፣ የክርስትና ስም የምጠይቀው?"

"አጫውተዋለሁ ብለሃል።"

"ባለፈው ደግሞ ይሄን ጣቢያ ገዝቼ ሽሮ ቤት አደርገዋለሁ ብያለሁ። ይኸው ሽሮ አይሸትም።"

ይታገሱ ሳቁን ዋጠው። ልጁ ግን ታሰረ። እናቱ ከማንኩሳ መጥተው ጣቢያው ደጃፍ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቢሏቸው ቢሏቸው አልነሳ አሉ።

ሰኞ እትዬ ወለተ ሐና ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡ። ሰፈሩ ቤታቸውን ሞላው። ቸኮሌት አደሉ። ፎቁን አወሩ፣ ሩዝ ላይ ሙሉውን የሚቀርበውን በግ አወሩ። ሐብሉ መሰረቁ ሲነገራቸው "የእግዜር ቁጣ ነው" ብለው ማደላቸውን ቀጠሉ። ዘመኑ መታሰሩ ሲነገራቸው ግን ቸኮሌቱ ከእጃቸው ወደቀ።

ይታገሱ አየ። እንግዳው እስኪወጣ ጠበቀ።

"እትዬ፣ ሊጥዎ ፈሶ ነው ያገኘሁት።"

እትዬ የቸኮሌቱን ወረቀት ሰበሰቡ።

"አብሲት የጣለውን ባገኝ ሌባውን አገኛለሁ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የማገኘው ሌባውን ያየውን ሰው ነው።"

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ይበላሽብኛል ብዬ ነው" አሉ። "ጤፉ አሳዘነኝ።"

ከዚያ ነገሩን ሁሉ አወጡት። ሐሙስ ስመኘው ደወለ። የጓደኛው ሚስት ተጨምራለች፣ ቦታ ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው። ሰፈሩ ግን ስሞ ተሰናብቷቸዋል። ዓርብ መናኸሪያ ደርሰው፣ ሲጨልም በጓሮ አጥር ዞረው በኋላ በር ተመልሰው ገቡ። መብራት ሳያበሩ ተቀመጡ።

"በግድግዳው በኩል ስሜን ሲያነሱ እሰማለሁ። 'አሁን እንዲህ እየበላች፣ አሁን እንዲህ እየገዛች' ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር ልጄ። አንድም ቀን እንደዚያ አንስተውኝ አያውቁም።"

ቅዳሜ ማታ በሩ ተከፈተ። በቁልፍ። ላቀው ነው፣ በስልኩ መብራት። እትዬ ጓዳ፣ ከሊጡ አጠገብ ናቸው። ላቀው ሐብሉን ኪሱ ከተተ፣ ቴሌቪዥኑን በጋቢ ጠቀለለ። ሲወጣ በሩን ቆለፈና ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረው። እሳቸው ጎህ ሲቀድ በጓሮ ወጥተው ፍኖተ ሰላም አልቤርጎ አደሩ። ቸኮሌቱም የዚያው ነው።

"ለምን አልጮኹም?"

"ምን ብዬ? ዱባይ ያለ ሰው ቡሬ ላይ ይጮሃል?"

"ዘመኑ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል እትዬ።"

"ሰፈሩ ሳይሰማ አይሆንም?"

"ላቀው ይክዳል። ፊት ለፊት አየሁህ የሚለው ሰው ያስፈልጋል።"

እትዬ ተነስተው የሊጡን ባልዲ ሊያጥቡ ጓዳ ገቡ። ይታገሱም አላስጨነቃቸውም።

ማክሰኞ ጠዋት ይታገሱ ላቀውን ጣቢያ ጠራው። ሰፈሩም ተከትሎት መጣ፤ የተከበረ ሰው ነዋ። ላቀው ግቢው መሃል ቆሞ "ማን አየኝ?" አለ። "አየሁህ የሚል ይምጣ።"

ከአጥሩ ጥግ እትዬ ወለተ ሐና መጡ።

"እኔ አየሁህ።"

"ከዱባይ ሆነው?" አለ ላቀው። ሰዉ ሳቀ።

"ከጓዳ ሆኜ። ዱባይ አልሄድኩም። የሚወስደኝ አልነበረም። ቤቴ ነበርኩ፣ ብቻዬን። 'ይቺ እዚያ ሥጋዋን ትቁረጥ' እያልክ ነበር ሐብሌን ኪስህ የከተትከው።"

ሳቁ ቆመ። በለጠች መሬት መሬት አየች። ላቀው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ይቺን ቃል እሱና ጨለማው ብቻ ነበር የሚያውቋት።

ቴሌቪዥኑም ሐብሉም ከላቀው የጭድ ክምር ስር ወጡ።

"ምን ጎድሎህ ነው?" አለው ይታገሱ።

"ለምሳ ዱባይ የሚሄድ ሰው ይሄ ምኑ ነው ብዬ። እዚያ አዲስ ይገዛሉ፣ አይጎዱም ብዬ ነው። እኔ ከዚህ ወዲያ ባሕር ዳርን እንኳ አይቼ አላውቅ።"

ዘመኑ ተፈታ። እናቱ ጉልበቱን አቅፈው አለቀሱ፣ ይዘውት ሄዱ። ሰፈሩም ሁለት ሦስት እየሆነ፣ እየተንሾካሾከ ወጣ። እትዬን ማንም ዞር ብሎ "ኑ እንሂድ" አላላቸውም።

"ላድርስዎ?" አለ ይታገሱ።

"ምን ያስቸኩለኛል፣ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ።"

የጣቢያው በር ጋ ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ። ስመኘው ነው፤ ድምፁ ግቢ ድረስ ይሰማል። ትናንት ማታ ገብተዋል፣ ሻንጣው አልዘጋ ብሎ ቁጭ ብለውበት ነው የዘጉት፣ በጉን ብታይው እህቴ፣ ምን እንዳመለጠሽ አታውቂም።

እትዬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እሰይ" አሉ። "በደንብ በላችሁ?"